ሉሲየን ኩዌኖ

ሉሲየን ኩዌኖ (ጥቅምት 12 ቀን 1859 ዓ.ም. ፓሪስ – ታኅሣሥ 29 ቀን 1943 ዓ.ም. ናንሲ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከኦክቶበር 21 ቀን 1866 እስከ ጃንዩዌሪ 7 ቀን 1951) ፈረንሳዊ የእንስሳት ተመራማሪ፣ የሥነ-ዘርና የዝግመተ ለውጥ ሊቅ ነበር። ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ያገኛቸው የውርስ ሕጎች በእንስሳትም ላይ እንደሚሠሩ ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው፤ በአጥቢ እንስሳ ላይ ግን የቀደመው የለም። ሙከራውን ያካሄደው በተራ የቤት አይጦች ነው። የአንድ ዘረ-መል (ጂን) መልክ ከሁለት በላይ ሊሆን እንደሚችል ያሳየው፣ እንዲሁም ዛሬ «ገዳይ ዘረ-መል» የሚባለውን ነገር ሳያውቀው በእጁ የጨበጠው እርሱ ነው። በዝግመተ ለውጥ ጥናት ደግሞ «ቅድመ-መላመድ» በተባለው ሐሳቡ ይታወቃል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትምህርቱና የመጀመሪያ ሥራዎቹ

ኩዌኖ ፓሪስ ተወልዶ እዚያው በሶርቦን የሳይንስ ፋኩልቲ ተማረ። መምህሩ ሄንሪ ደ ላካዝ-ዱቲዬ በዘመኑ ከነበሩት የፈረንሳይ የእንስሳት ተመራማሪዎች ዋነኛው ሲሆን፣ በአትላንቲክ በኩል በሮስኮፍ፣ በሜዲትራንያን ዳርቻ ደግሞ በባኒዩልስ የባሕር ምርምር ጣቢያዎችን የመሠረተ ሰው ነው። ከእርሱ ዘንድ የተማረ ሁሉ ስለ እንስሳው ከመናገሩ በፊት እንስሳውን ራሱን ከፍቶ ማየትን ይለምድ ነበር። ኩዌኖም በ1887 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘው በባሕር ኮከብ የሰውነት አሠራር ላይ ባቀረበው ጥናት ነው። ያኔ ዕድሜው ገና 20 ዓመትን ዘለል ቢል ነው። ጥቂት ጊዜ በዚያው በሶርቦን ቤተ ሙከራ ከሠራ በኋላ በ1890 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ ወደምትገኘው የናንሲ ከተማ ተልኮ በሳይንስ ፋኩልቲው የእንስሳት ጥናት አስተማሪ ሆነ። በ1898 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ፤ እስከ ጡረታው (1937) ድረስም ከዚያ አልተነሣም።

ይህ የቦታ ጉዳይ በሕይወቱ ውስጥ ትልቅ ትርጉም አለው። በፈረንሳይ ሥልጣን፣ ገንዘብና ዝና የሚታደሉት ከፓሪስ ነበር፤ ከክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ሐሳብ የዋና ከተማዋን ሊቃውንት ፈቃድ ካላገኘ ሩቅ አይሄድም። ናንሲ ግን በዚያን ጊዜ ተራ የክፍለ ሀገር ከተማ አልነበረችም። ፈረንሳይ በ1871 አልዛስንና የሎሬንን ከፊል በጀርመን ከተነጠቀች በኋላ ከስትራስቡርግ የተፈናቀሉ ምሁራን ወደ ናንሲ ስለመጡ ዩኒቨርሲቲዋ አድጎ ነበር። የጀርመን ድንበርም ቅርብ ነው። በጀርመንኛ የሚታተሙ የሳይንስ ጽሑፎች ለናንሲ ምሁራን እንግዳ አልነበሩም።

በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ኩዌኖ የሠራቸው ሥራዎች ብዙና የተለያዩ ናቸው። አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ደማቸውን እንዴት እንደሚያጣሩና ቆሻሻን እንዴት እንደሚያስወግዱ አጥንቷል። አንዳንድ ጥንዚዛዎች ሲነኩ ከእግራቸው መገጣጠሚያ ላይ ደም አውጥተው ጠላትን እንደሚያባርሩም በዝርዝር ጽፏል፤ ደሙ መራራ ወይም የሚያቃጥል በመሆኑ የሞከራቸው ሌላ እንስሳ ወዲያው ይተፋቸዋል። በ1899 ያወጣው ጥናት ደግሞ ጾታ የሚወሰነው በምግብ ብዛትና በእናት ሁኔታ ነው የሚለውን የተለመደ እምነት የሚቃወም ነበር። ይህ የመጨረሻው ሥራ ወደ ውርስ ጥያቄ ያስገባው በር ሳይሆን አይቀርም።

የአይጦቹ ሙከራ

በ1900 ሁጎ ደ ፍሪስ፣ ካርል ኮረንስና ኤሪክ ፎን ቼርማክ የተባሉ ሦስት የዕፅዋት ተመራማሪዎች ለ34 ዓመታት ተረስቶ የቆየውን የሜንዴልን ጽሑፍ ወደ ብርሃን አወጡት። ሦስቱም የሠሩት በዕፅዋት ላይ ስለነበር ወዲያው የተነሣው ጥያቄ ሕጉ ለእንስሳስ ይሠራል ወይ የሚል ነበር። በእንግሊዝ ዊልያም ቤትሰን በዶሮ፣ በናንሲ ኩዌኖ በአይጥ መልሱን ፈለጉ፤ የሁለቱም ውጤት በዚያው በ1902 ታተመ።

ኩዌኖ የዱሯን ግራጫ የቤት አይጥ ከነጭ አይጥ ጋር አዳቀለ። ነጯ አይጥ ዓይኗ ቀይ የሆነው፣ በሰውነቷ ምንም ቀለም የሌላት ዓይነት ናት። የመጀመሪያዎቹ ልጆች በሙሉ ግራጫ ሆኑ። እነዚህን ግራጫ ልጆች እርስ በርሳቸው ሲያዳቅል ግን ከተወለዱት 270 ግልገሎች 198ቱ ግራጫ፣ 72ቱ ነጭ ሆነው ተገኙ። ይህ ሦስት ለአንድ ማለት ነው፤ ሜንዴል በአተር ያገኘው ቁጥር።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ሳንቲሞችን አንድ ላይ መወርወር በቂ ነው። እያንዳንዱ ወላጅ ሁለት መልክ ያለው አንድ ሳንቲም ነው እንበል፤ ዘውዱ ግራጫ፣ ጎፈሩ ነጭ። ሁለቱ ሲወረወሩ ከአራት አጋጣሚዎች አንዱ ሁለት ዘውድ፣ ሁለቱ ዘውድና ጎፈር፣ አንዱ ደግሞ ሁለት ጎፈር ነው። ግራጫው ነጩን ስለሚሸፍን ዘውድ ያለበት ሁሉ ግራጫ ይመስላል፤ ነጭ የሚወለደው ሁለቱም ጎፈር የሆነለት ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ግራጫ፣ አንድ ነጭ።

ኩዌኖ በዚህ አልቆመም። እስከ 1911 ድረስ ተከታታይ አጫጭር ጽሑፎችን አወጣ፤ በእነዚህም ውስጥ ከአንድ በላይ አዲስ ነገር አለ። ነጭ አይጥ ባዶ እንዳልሆነች፣ ነገር ግን ግራጫ ወይም ጥቁር ወይም ቢጫ የመሆንን ባሕርይ በውስጧ ደብቃ ልትይዝ እንደምትችል አሳየ። ሁለት መልካቸው ፍጹም አንድ የሆነ ነጭ አይጦች ከአንድ ዓይነት ጥቁር አይጥ ጋር ሲዳቀሉ ከአንዷ ግራጫ፣ ከሌላዋ ጥቁር ልጆች ይወለዱ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀለም ለመፈጠር ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው ማለት ነው፤ አንደኛው ከጎደለ የሌላው መኖር አይታይም።

ከዚህ ተነሥቶ በ1903 ያቀረበው ግምት ከዘመኑ የቀደመ ነበር። የጸጉር ቀለም የሚፈጠረው ከአንድ መነሻ ንጥረ ነገርና በእርሱ ላይ ከሚሠሩ ኢንዛይሞች ነው፤ የሚወረሰውም እነዚህን የመሥራት ችሎታ ነው አለ። ዘረ-መልና ኢንዛይም በቀጥታ የተያያዙ መሆናቸው በሙከራ ተረጋግጦ ተቀባይነት ያገኘው ጆርጅ ቢድልና ኤድዋርድ ቴተም በ1941 በዳቦ ሻጋታ ላይ ካደረጉት ሥራ ወዲህ ነው። «ጂን» የሚለው ቃል ራሱ በ1903 አልነበረም፤ ዴንማርካዊው ዮሃንሰን ያወጣው በ1909 ነው። ኩዌኖ ለሚወረሰው ነገር «ኔሞን» የሚል የራሱን ስም ሰጥቶት ነበር፤ ከግሪክኛው «ማስታወስ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ቃሉ አልያዘም።

የቢጫዎቹ እንቆቅልሽ

ኩዌኖ ከሞከራቸው ቀለሞች አንዱ ቢጫ ነበር። ቢጫ አይጦችን ለጌጥ የሚያረቡ ሰዎች አስቀድመው ያውቋቸው ነበር። ኩዌኖ ባደረገው መዳቀል ቢጫ፣ ግራጫና ጥቁር በሙሉ የአንድ ባሕርይ የተለያዩ መልኮች መሆናቸውን ተረዳ። ሜንዴል የሚያውቀው ሁለት መልክ ብቻ ነበር፤ ረጅምና አጭር፣ ለስላሳና ጭርምትምት። አንድ ዘረ-መል ሦስትም አራትም መልክ ሊኖረው እንደሚችል የታየው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የሰው የደም ዓይነት ኤ፣ ቢ፣ ኦ የሚከፈለው በዚሁ መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ችግር ገጠመው። ቢጫው ሌላውን ቀለም ይሸፍናል። ሁለት ቢጫዎች ሲዳቀሉ ከልጆቹ ከፊሎቹ ከሁለቱም ወላጅ ቢጫ የወረሱ «ንጹሕ» ቢጫዎች ሊሆኑ ይገባ ነበር፤ እንዲህ ያለው አይጥ ከማንም ጋር ቢዳቀል ቢጫ ብቻ ይወልዳል። ኩዌኖ ቢጫዎቹን አንድ በአንድ ፈተናቸው። አንድም ንጹሕ ቢጫ አልተገኘም። ሁሉም ሌላ ቀለም ደብቀው የያዙ ነበሩ። በ1905 ያሳተመው ቁጥር ከቢጫ ለቢጫ መዳቀል የተገኙ 263 ቢጫዎችና 100 ሌሎች ቀለሞችን ያሳያል።

የሰጠው ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ቢጫ የያዘች የሴቴ ዘር ቢጫ የያዘውን የወንድ ዘር አትቀበልም፤ ሌላውን ትመርጣለች። ማብራሪያው ስሕተት ነው። ብዙ መጻሕፍት ይህን ከጠቀሱ በኋላ ያልፉታል፤ ነገር ግን ቁጥሩን ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው፤ ስሕተቱ የቸልተኝነት አልነበረምና።

የወንድ ዘር ብዛት ወሰን የለውም። ቢጫ የያዘችው የሴት ዘር አንዱን ብትመልስ ሌላው ይደርሳል፤ ስለዚህ ከሴት ዘሮች ግማሾቹ፣ ማለትም ቢጫ የያዙት በሙሉ፣ ሌላ ቀለም ካለው ጋር ተገናኝተው ቢጫ ልጅ ይሰጣሉ። ከቀሪው ግማሽ ደግሞ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሌላ ይሆናል። ድምሩ ሦስት ለአንድ ነው፤ ከቢጫዎቹ ግን አንድም ንጹሕ የለም። በ363 ግልገሎች ላይ ሦስት ለአንድ ማለት ወደ 272 እና 91 ነው። ኩዌኖ ያገኘው 263 እና 100 ነው፤ በጣም ይቀራረባል። ንጹሖቹ ቢጫዎች ተፀንሰው ቢሞቱ ኖሮ ግን ውጤቱ ሁለት ለአንድ፣ ማለትም 242 እና 121 መሆን ነበረበት፤ ይህ ከተገኘው ቁጥር ራቅ ያለ ነው። በእጁ የነበረው ማስረጃ ወደተሳሳተው መልስ ያደላ ነበር። ናሙናው ትንሽ ነው፣ ዕድል ደግሞ አሳሳተው።

ውጤቱ ከፈረንሳይ ውጭ ብዙ አነጋገረ። ያን ጊዜ የሜንዴልን ሕግ ገና ያልተቀበለው አሜሪካዊው ቶማስ ሃንት ሞርጋን ዘረ-መሎች በንጽሕና ይለያያሉ የሚለውን ለመጠራጠር የኩዌኖን ቢጫ አይጦች እንደ አንድ ምክንያት ተጠቅሞባቸዋል። መፍትሔው የመጣው ከዕፅዋት በኩል ነበር። ጀርመናዊው ኤርቪን ባውር በ1907 ቅጠሉ ወርቃማ የሆነ የአበባ ዝርያ ሲያዳቅል ንጹሕ ወርቃማዎቹ አረንጓዴ ቀለም ስለሌላቸው ገና ሲበቅሉ እንደሚሞቱ አየ። ይህን ያነበቡት የሃርቫርዱ ዊልያም ካስልና ተማሪው ክላረንስ ኩክ ሊትል በ1910 የኩዌኖን ሙከራ በሰፊው ደገሙት። ከ1235 ግልገሎች 800ው ቢጫ፣ 435ቱ ሌላ ሆኑ። ሦስት ለአንድ ቢሆን ኖሮ ቢጫዎቹ ወደ 926 መድረስ ነበረባቸው፤ ሁለት ለአንድ ከሆነ ግን ወደ 823። ንጹሖቹ ቢጫዎች ይፀነሳሉ፣ ነገር ግን በማኅፀን ይሞታሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የነፍሰ ጡር አይጦች ማኅፀን ሲመረመር የሞቱት ጽንሶች በዓይን ታዩ።

ቢጫዎቹ አይጦች ከዚያም በኋላ ከሳይንስ አልወጡም። ቢጫ አይጥ ከእኩዮቿ ይልቅ ትወፍራለች፤ የስኳር በሽታ ምልክትም ታሳያለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዘረ-መሉ ራሱ ተለይቶ ሲወጣ ምክንያቱ ተገለጠ። በቢጫዋ አይጥ ላይ ከዘረ-መሉ አጠገብ ያለ ቁራጭ ተቆርጦ ጠፍቷል፤ በዚህም የተነሣ በቆዳ ላይ በልክ መሠራት የነበረበት ፕሮቲን በመላ ሰውነት ያለ ልክ ይሠራል። ፕሮቲኑ በጸጉር ላይ ቢጫ ቀለም ያወጣል፣ በአንጎል ውስጥ ደግሞ ጥጋብን የሚያሳውቀውን ተቀባይ ይዘጋል። የሰው ልጅ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከሚያጠኑባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ከዚህ የመነጨ ነው። ጽንሱን የሚገድለው ደግሞ አብሮ የተቆረጠው የጎረቤት ክፍል ነው።

ካስል ቤተ ሙከራውን የአይጥ ጥናት ማዕከል አደረገው። ሊትል በ1929 በአሜሪካ ሜይን ግዛት የጃክሰን ቤተ ሙከራን መሠረተ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ለዓለም ቤተ ሙከራዎች አይጥ የሚያቀርበው ይህ ተቋም ነው። በናንሲ ግን የዚህ ዓይነት ነገር አልተተከለም።

ለምን ቆመ?

የዚህ አንዱ ምክንያት ጦርነት ነው። ከ1914 እስከ 1918 የጦር ግንባሩ ለናንሲ እጅግ ቅርብ ነበር፤ ከተማዋ በመድፍና በአየር ተደብድባለች። ዘራቸው ለዓመታት ተመዝግቦ የተያዘ አይጦች በእንዲህ ያለ ሁኔታ አይቆዩም፤ የኩዌኖ አይጦችም ጠፉ። ከጦርነቱ በፊት ከሉዊ መርሲዬ ጋር የጀመረው ሌላ መስመርም ነበር፤ ዕጢን ከአይጥ ወደ አይጥ በማዛመት የካንሰር ተቀባይነት ይወረስ እንደሆነ ይመረምሩ ነበር። ይህ መንገድ በኋላ በአሜሪካ ትልቅ ፍሬ አፍርቷል።

አይጥ ግን እንደገና ማርባት ይቻላል። ኩዌኖ ወደ ሙከራው ያልተመለሰበት ዋና ምክንያት በፈረንሳይ ውስጥ የሚሰማ ጆሮ አለማግኘቱ ይመስላል። በሀገሩ የዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት ዘንድ የነገሠው የላማርክ ሐሳብ ነበር፦ እንስሳ በኑሮው ያገኘው ለውጥ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። ዣን-ባቲስት ላማርክ ፈረንሳዊ መሆኑም ሐሳቡን የሀገር ክብር ጉዳይ አድርጎት ነበር። በሶርቦን ለዝግመተ ለውጥ ትምህርት በ1888 የተቋቋመውን ወንበር የያዘው አልፍሬድ ዢያር የዚህ ወገን ነበር፤ ብዕሩ የማይደክመው ፌሊክስ ለ ዳንቴክም እንዲሁ። ለእነዚህ ሰዎች የሜንዴል ተከታዮች የሚናገሩላቸው የማይታዩ የውርስ ቅንጣቶች ከመካከለኛው ዘመን ፍልስፍና የተረፉ ምናባዊ ነገሮች ነበሩ። ክሎድ ቤርናርና ፓስተር ባስተማሩት የሙከራ ባህል ያደጉት ደግሞ በቁጥር ሚዛን ብቻ የሚታይ ምክንያት አይዋጥላቸውም ነበር። በ1911 ፊሊፕ ደ ቪልሞሬን የተባለው የዘር አምራች ቤተሰብ አባል የዓለም የሥነ-ዘር ጉባኤን ፓሪስ ላይ አስተናግዷል፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን በራቸውን አልከፈቱም።

ኩዌኖ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። ተማሪዎቹን ወደ ሥነ-ዘር አልገፋቸውም፤ በዚህ ሙያ በፈረንሳይ እንጀራ እንደማይገኝ ተረድቶ ነበርና። ይህ ለተማሪዎቹ ደግነት ነበር ሊባል ይችላል፤ ለሳይንሱ ግን ኪሳራ ሆነ። በጀርመን፣ በእንግሊዝ፣ በሩሲያና በአሜሪካ የሥነ-ዘር ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ የአጥቢ እንስሳት ሥነ-ዘር አባት የሚባለው ሰው አንድም የሥነ-ዘር ወራሽ አላፈራም። በ1930ዎቹ ፊሊፕ ሌሪቲዬና ዦርዥ ቴሲዬ በሳጥን ውስጥ በሚያረቧቸው ዝንቦች የተፈጥሮ ምርጫን በቁጥር መለካት የጀመሩት ከሌላ መንገድ መጥተው ነው። በሶርቦን የመጀመሪያው የሥነ-ዘር ወንበር የተከፈተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን የተሰጠውም ትውልደ ሩሲያ ለሆነው ቦሪስ ኤፍሩሲ ነው። ኩዌኖ ያን ጊዜ በሰማንያዎቹ ዕድሜ ደጃፍ ላይ ነበር።

ቅድመ-መላመድ

ኩዌኖ አይጦቹን ቢተውም ከእነርሱ የተማረውን አልተወም። በ1911 «የእንስሳት ዝርያዎች አመጣጥ» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ፤ መጽሐፉ በ1921 እና በ1932 እየታደሰ ወጥቷል። በፈረንሳይኛ የሜንዴልን ሥራና ዝግመተ ለውጥን አንድ ላይ አድርጎ ያቀረበ መጽሐፍ በዚያን ጊዜ ብርቅ ነበር። በ1925 «መላመድ» የሚል ሌላ መጽሐፍ ተከተለው።

በእነዚህ ውስጥ የሚያብራራው ቅድመ-መላመድ የላማርክን ሐሳብ ገልብጦ የሚያይ ነው። በጨለማ ዋሻ የሚኖሩ ብዙ እንስሳት ዕውሮችና ቀለም አልባ ናቸው። የላማርክ ተከታይ ዓይናቸው የጠፋው በጨለማ ስላልተጠቀሙበት ነው ይላል። ኩዌኖ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ሌላ ሊሆን ይችላል አለ። በድንጋይ ሥርና በእርጥብ መሬት ውስጥ አስቀድሞ ዓይናቸው የደከመ፣ ብርሃን የማይወዱ እንስሳት ይኖራሉ፤ ዋሻው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ገብተው ሊኖሩበት የሚችሉት እነርሱ ናቸው። ለውጡ መጀመሪያ በዘፈቀደ ይመጣል፤ ቦታው በኋላ ይገኝለታል። ዋሻው ዕውር አላደረጋቸውም፣ ዕውሮቹ ዋሻውን አገኙት። በተፈጥሮ ውስጥ ስላሉ «ባዶ ቦታዎች» ያነሣው ሐሳብም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ቅድመ-መላመድ የሚለው ቃል በዓለም የሥነ-ሕይወት መጻሕፍት ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ሲያገለግል ቆየ። ቃሉ እንስሳው የወደፊቱን አውቆ የተዘጋጀ ያስመስላል የሚል ቅሬታ ተነሥቶበት በ1982 ስቲቨን ጄ ጉልድና ኤልዛቤት ቭርባ ሌላ ስም አቅርበውለታል።

ኩዌኖን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ያልለቀቀው አንድ ጥያቄ ግን ነበር። በሀገራችን ቆላዎችና በባሌ የሚታየው ከርከሮ ሣር ሲግጥ የፊት እግሮቹን አጥፎ በጉልበቱ የመሰለው መገጣጠሚያ ላይ ይንበረከካል፤ በዚያ ቦታ ላይ ጠንካራ ጓጓላ ቆዳ አለው። ጓጓላው በመንበርከክ የመጣ ቢመስልም ገና ያልተወለደ የከርከሮ ጽንስ ላይ ተሠርቶ ይገኛል። ሰጎንም ስትተኛ መሬት በሚነካው አካሏ ላይ እንዲሁ አላት። የላማርክ ወገን ይህን እንደ ትልቅ ማስረጃ ይቆጥረው ነበር። ኩዌኖ በተገኘ ባሕርይ መወረስ አያምንም፤ ነገር ግን በዘፈቀደ የመጣ ለውጥ ልክ በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ጓጓላ ያወጣል ብሎ መቀበልም ከበደው። በ1939 ከራውል አንቶኒ ጋር ሆኖ በከርከሮው ጓጓላ ላይ ጥናት እስከማሳተም ደርሷል።

ተመሳሳይ ጥርጣሬ ያደረበት አንዱ በሌላው ላይ ገጥሞ በሚሠራ የሰውነት ክፍል ነው። የአንዳንድ ነፍሳት ክንፍ ተጭኖ እንደሚዘጋ የልብስ ቁልፍ ከሰውነታቸው ጋር ይያያዛል፤ ወንዴውና ሴቴው የተሠሩት በተለያየ ቦታ ነው፣ ሲገናኙ ግን በልክ ይገጥማሉ። በ1941 ባወጣው «ፈጠራና ዓላማ በሥነ-ሕይወት» በተባለው መጽሐፉ ሕይወት ያለው ነገር የራሱ የሆነ የመፍጠር ኃይል ሊኖረው ይችላል ወደሚል አሳብ አዘነበለ። ያ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ሥነ-ዘርና የዳርዊን የተፈጥሮ ምርጫ ተዋሕደው አዲሱ የዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ የቆመበት ጊዜ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ለዚህ ውሕደት ጡብ ያቀበለው ሰው ቤቱ ሲሠራ ውጭ ቆሞ መቅረቱ ያስገርማል። ሆኖም መጽሐፉን ከእምነት መግለጫ ይልቅ መልስ ያላገኘላቸውን ጥያቄዎች በግልጽ የዘረዘረበት ሥራ አድርጎ ማንበብ ይበልጥ ተገቢ ነው።

ናንሲ፣ ሙዚየሙና የመጨረሻ ዓመታት

ኩዌኖ በመጻሕፍት ብቻ የሚኖር ሰው አልነበረም። የሎሬንን እንስሳት ሰብስቧል፣ በአትላንቲክ ዳር ያለውን የአርካሾን የባሕር ወሽመጥ እንስሳት መዝግቧል። ውሃ ሲደርቅባቸው ለረጅም ጊዜ ተጨብጠው ቆይተው ሲርሱ እንደገና የሚንቀሳቀሱት ታርዲግራድ የተባሉ ጥቃቅን እንስሳት በፈረንሳይ የሚገኙ ዝርያዎቻቸውን የሚዘረዝር መጽሐፍ በ1932 አሳትሟል።

በናንሲ ከሁሉ በላይ የሚታየው ሥራው ግን የእንስሳት ጥናት ተቋሙና ሙዚየሙ ነው። ለማስተማሪያ፣ ለምርምርና ለሕዝብ በአንድነት የሚያገለግል ሕንፃ እንዲሠራ ለረጅም ጊዜ ታግሏል፤ በአርክቴክት ዣክ አንድሬ የተሠራው ሕንፃ በ1933 ተከፈተ። ዛሬ የናንሲ ሙዚየምና አኳሪየም ተብሎ ይጠራል፤ ምድር ቤቱ የሞቃት ባሕር ዓሦች፣ ፎቁ ደግሞ ኩዌኖና ከእርሱ በፊት የነበሩት ያሰባሰቧቸው እንስሳት መኖሪያ ነው።

የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በ1918 ተባባሪ፣ በ1931 ደግሞ ከፓሪስ ውጭ ለሚኖሩ በተለየው ክፍል ሙሉ አባል አድርጎ መርጦታል። ወደ ፓሪስ ግን አልተመለሰም። ከልጆቹ አንዱ ክሎድ ኩዌኖ የኢየሱሳዊው ካህንና የቅሪተ አካል ተመራማሪ የፒየር ቴያር ደ ሻርደን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ሆኖ ይታወቃል።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራው «ሥነ-ሕይወታዊ ዝግመተ ለውጥ» ሲሆን አብራው የጻፈችው ተማሪው አንድሬ ቴትሪ ናት። ኩዌኖ በጃንዩዌሪ 1951 በ84 ዓመቱ በናንሲ ሲያርፍ መጽሐፉ ገና አልወጣም ነበር፤ በዚያው ዓመት ታተመ። የንዑስ ርእሱ ትርጉም «እውነታዎቹና እርግጠኛ ያልሆኑት» የሚል ነው።